ምዕራፍ 7፦ ነባሩ እርሾና አዲሱ ቡኮ

ከአሥርና ከአሥራ አምስት ዓመት ሥራ በኋላ ለሁለተኛ ዲግሪ የተመዘገበ ሰው በመጀመሪያው ወር ምን እንደሚል መገመት አያዳግትም። «ጭንቅላቴ ዝጓል» ይላል። አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ከቢሮ ወጥቶ፣ ታክሲ ተጋፍቶ የማታው ክፍል ሲደርስ መምህሩ ሦስተኛው ስላይድ ላይ ናቸው። አጠገቡ የተቀመጠችው ልጅ አምና የተመረቀች ናት። እሱ ቀመሩን ደብተሩ ላይ ገልብጦ ሳይጨርስ እሷ መልሱን አግኝታ ስልኳን መነካካት ጀምራለች። በዕረፍት ሰዓት «ጋሼ፣ ቀላል እኮ ናት፤ ላሳይዎት?» ስትለው አነጋገሯ የአክብሮት ነው፤ የእሱ ጆሮ የሚሰማው ግን ሌላ ነው።

ባለፉት ስድስት ምዕራፎች አእምሮ እንዴት እንደሚማርና እንደሚረሳ ስናይ የቆየነው በአመዛኙ በወጣት ተማሪዎች ላይ የተሠሩ ጥናቶችን ይዘን ነው። ተመራማሪዎቹ የዩኒቨርሲቲ መምህራን ስለሆኑ በቅርብ የሚያገኙት ሰው ተማሪያቸው ነውና። አሁን ግን የዚያን የዘገየ ሰውዬ አቤቱታ እንመርምር። የምዕራፉ ሐሳብ አንድ ነው፦ የጎልማሳን ትምህርት ከሁሉ በላይ የሚወስነው አስቀድሞ የሚያውቀው ነገር ነው፤ የሚያግዘውም የሚያሳስተውም እሱ ነው። (ዓመታቱን ሁሉ የጻፍኩት በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

አቤቱታው ምን ያህል እውነት አለው?

ከፊሉ እውነት ነው፤ መሸፋፈን አያስፈልግም። በምዕራፍ 2 ስለ ሥራ ትውስታ ተነጋግረናል። አንድን ነገር እያሰብንበት ሳለ ለጥቂት ሰከንዶች ይዘን የምንቆይበት ችሎታ ነው፤ በአንድ ጊዜ የሚይዘውም አራት ያህል ነገር ብቻ መሆኑን አይተናል። ይህ ችሎታና አዲስ ነገርን የማስላት ፍጥነት ከወጣትነት በኋላ ቀስ እያሉ ይቀንሳሉ። ቅነሳው በአንድ ዓመት የሚታይ አይደለም፤ በሃያ ዓመት ግን ይታያል። ልጅቷ ቀመሩን ቀድማ የጨረሰችው ያለ ምክንያት አይደለም።

ነገር ግን ይህ ከሁለት አንዱ ብቻ ነው። ሬይመንድ ካቴል የተባለ የሥነ ልቦና ሊቅ በ1963 ባሳተመው ጥናት የማሰብ ችሎታን ለሁለት ከፈለው። አንዱን ፈሳሽ አለው፦ ከዚህ በፊት ያላየነውን እንቆቅልሽ ያለ ምንም ስንቅ የምንፈታበት ነው። ሁለተኛው የረጋው ነው፦ በትምህርት፣ በንባብና በሥራ ተጠራቅሞ የተቀመጠው እውቀት። ፈሳሹ በዕድሜ ይቀንሳል፤ የረጋው ግን በሥራ ዘመን ሁሉ ሲጨምር ይኖራል። በ2015 ጆሹዋ ሃርትሾርንና ሎራ ጀርሚን በኢንተርኔት ከፈተኗቸው በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች የተገኘው ውጤትም ከዚህ ጋር ይስማማል። ፍጥነት በአሥራዎቹ ዕድሜ መጨረሻ ገደማ ጫፍ ላይ ይደርሳል፤ የቃላት እውቀት ግን ጎልማሳነት ከገባ በኋላም ገና እያደገ ነው። ሁሉም ችሎታ በአንድነት ጫፍ የሚደርስበት ዕድሜ አልተገኘም።

ስለዚህ የማታው ተማሪያችን ከልጅቷ ያነሰ ፈሳሽ፣ ከልጅቷ የበለጠ የረጋ ይዞ ክፍል ገብቷል። ችግሩ የዩኒቨርሲቲው ክፍል ብዙውን ጊዜ የሚለካው ፈሳሹን መሆኑ ነው። በፍጥነት የሚያልፍ ስላይድ፣ በአንድ ሰዓት የሚሠራ ፈተና፣ በማግስቱ የሚደርስ አሳይመንት ሁሉ የተቀደዱት በሃያ ሁለት ዓመት ተማሪ ልክ ነው። የማታ ክፍል የሚያስተምሩ አንዳንድ መምህራን ከፊታቸው የተቀመጠው የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ፣ ነርስና የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር መሆኑን ሴሚስተሩ እስኪያልቅ አያውቁትም። አንድ ቀን ቢጠይቋቸው የሚያገኙት ምሳሌ ከመማሪያ መጽሐፉ የተሻለ በሆነ ነበር።

ሊጡን የሚያስነሳው

የጤፍ ዱቄት በውሃ ብቻ ተቦክቶ ቢቀመጥ ውሎ አድሮ ይቦካል። በራሱ በጤፉና በዕቃው ላይ ያሉት ጥቃቅን ሕያዋን ሥራቸውን ይሠራሉ። ግን ጊዜ ይወስዳል፤ ውጤቱም አይታመንም። ስለዚህ እናቶቻችን ካለፈው ቡኮ ላይ ያሰፈፈውን ቢጫ ውሃ ቀድተው ያስቀምጣሉ፤ አዲሱን ሲያቦኩ ይጨምሩበታል። እርሾው ውስጥ ያሉት ሕያዋን ለዚያ ሥራ የተለማመዱ ናቸውና ወዲያው ይጀምራሉ። አዲሱ ሊጥ ያለፈው ሳምንት ሊጥ አይደለም፤ ሆኖም የሚነሳው በእሱ ነው።

አእምሮም አዲስን ነገር የሚማረው በዚህ መንገድ ነው። አሜሪካዊው ዴቪድ አውሱበል በ1968 ባሳተመው የትምህርት ሥነ ልቦና መጽሐፍ፣ ትምህርትን ከሚወስኑት ነገሮች ሁሉ አንዱን ብቻ ምረጥ ቢባል ተማሪው አስቀድሞ የሚያውቀውን እንደሚመርጥ ጽፏል። ሐሳቡን በንድፈ ሐሳብ ከማብራራት ይልቅ አንባቢው ራሱ ላይ ቢሞክረው ይሻላል። የሚቀጥለውን አንቀጽ እባክዎ አንድ ጊዜ ብቻ ያንብቡት።

«ሥራው ከባድ አይደለም፤ ጥድፊያ ግን አይወድም። መጀመሪያ መለየት አለ፤ የማይሆነው ይወጣል። ቀጥሎ ቀለሙ እስኪለወጥ መጠበቅ ነው፤ ቀድሞ ማቆምም ዘግይቶ ማቆምም ያስወቅሳል። በዚህ መሀል ለተገኙት ሁሉ ማዞር ደንብ ነው። ከዚያ ይደቅቃል፤ ውሃ ያገኛል፤ እስኪረጋ ይጠበቃል። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይቀጥናል፣ ሦስተኛው ከሁለተኛው። ቢሆንም ሦስተኛውን ሳይጠብቁ መነሳት ደስ አያሰኝም።»

ቡና ያፈላ ወይም ሲፈላ አጠገብ የተቀመጠ ሰው «ማዞር» ላይ ሲደርስ፣ ቢዘገይ «ሦስተኛው» ላይ ሲደርስ ነገሩ ይገለጥለታል። ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ እያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር ቦታ ቦታውን ይይዛል፤ ነገ ቢጠየቅም አሳምሮ ይናገረዋል። ቡና አፈላልን የማያውቅ የውጭ አገር ሰው ይህንኑ አንቀጽ በራሱ ቋንቋ ቢያነበው ቃሉን ሁሉ ያውቀዋል፤ የሚያስታውሰው ግን ጥቂት ነው። ጆን ብራንስፎርድና ማርሻ ጆንሰን በ1972 የሠሩት ሙከራ ይኸው ነበር። የእነሱ አንቀጽ ስለ ልብስ አጠባ ነው፤ ልብስ የሚለው ቃል ግን አንድም ቦታ የለበትም። ርዕሱ ከማንበባቸው በፊት የተነገራቸው ሰዎች ካልተነገራቸው በእጥፍ ያህል አስታወሱ። ርዕሱን ካነበቡ በኋላ የሰሙት ግን ምንም አልተጠቀሙም። እርሾ ገና ሲቦካ ካልገባ ምጣድ ላይ ተጨምሮ ዋጋ የለውም።

ሁለተኛው ማስረጃ ከቼዝ ጨዋታ የመጣ ነው። ዊሊያም ቼይስና ኸርበርት ሳይመን በ1973 ለቼዝ ሊቅና ለጀማሪ ከመካከሉ የተቋረጠ ጨዋታ ለአምስት ሰከንድ አሳዩ፤ ከዚያ ሸፈኑትና በባዶ ሰሌዳ ላይ እንዲደረድሩት ጠየቋቸው። ሊቁ አብዛኞቹን ጠጠሮች በየቦታቸው መለሰ፤ ጀማሪው ከአራት ያህል አላለፈም። ይህን ያየ ሰው «ሊቁ ከድሮም ትውስታው ጠንካራ ነው» ሊል ይችላል። ተመራማሪዎቹም ይህን ለመፈተን ጠጠሮቹን ያለ ሥርዓት፣ በየትኛውም ጨዋታ ሊገኙ በማይችሉበት ሁኔታ በተኑና እንደገና አሳዩ። የሊቁ ብልጫ ጠፋ። ዓይኑ በአምስት ሰከንድ ብዙ የያዘለት ትውስታው ጠንካራ ስለሆነ አልነበረም፤ ለዓመታት ካያቸው አሰላለፎች አንዱን ስላወቀው ነው። የሥራ ትውስታ አራት ነገር ብቻ ቢይዝም አንዱ «ነገር» ምን ያህል ትልቅ እንደሚሆን የሚወስነው ቀድሞ የተጠራቀመው እውቀት ነው።

አሁን የማታውን ክፍል መለስ ብለን እንየው። ተማሪያችን አሥራ ሁለት ዓመት በአንድ ባንክ የብድር ክፍል ሠርቷል እንበል። የኢኮኖሚክስ መምህሩ ዛሬ የሚያስተምሩት ገበያ ውስጥ አንዱ ወገን የሚያውቀውን ሌላው የማያውቀው ሲሆን ምን እንደሚፈጠር ነው። ልጅቷ ትርጉሙን በሦስት መስመር ትሸመድዳለች። እሱ ግን ከፊቱ የሚመጣለት አንድ ተበዳሪ ነው፦ ንጹሕ ሱፍ የለበሰ፣ የቢዝነስ ፕላኑን በቀለም አትሞ ያስጠረዘ፣ በሌላ ባንክ ያለበትን ዕዳ ግን ያልተናገረ። ወለዱ ከፍ ሲል ጥንቁቆቹ ተበዳሪዎች ቀርተው ደፋሮቹ ብቻ ለምን እንደሚመጡ በዓይኑ አይቶታል። መምህሩ ሰሌዳው ላይ የሳሉት ሥዕል ለእሱ የሚያውቀው ነገር ስም ነው። በዚህ ርዕስ ላይ ከልጅቷ ይቀድማል፤ ፈተናው ከሦስት ወር በኋላ ቢሆን ደግሞ ይበልጥ ይቀድማል።

የረሳነው የት ገባ?

«ኧረ እኔ እንኳን የረጋ፣ ያኔ የተማርኩትም ተንኖ አልቋል» የሚሉ አሉ። በተለይ ሁሉም የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ከሞላ ጎደል የሚያልፍበት የጥናት ዘዴና የስታትስቲክስ ኮርስ ሲደርስ ይህ ልቅሶ ይበረታል። ሎጋሪዝም ምን ነበር? ስታንዳርድ ዴቪዬሽን የሚሰላው እንዴት ነበር?

በምዕራፍ 4 ያገኘነው ኸርማን ኢቢንግሃውስ እዚህ እንደገና ያስፈልገናል። በ1885 ባሳተመው መጽሐፍ ትርጉም የሌላቸው ክፍለ ቃላትን ራሱ እያጠና ምን ያህሉ በምን ያህል ጊዜ እንደሚጠፋ እንደለካ አይተናል። ያኔ ያላነሳነው የለካበትን መንገድ ነው። «ምን ያህሉን ታስታውሳለህ?» ብሎ ራሱን አልጠየቀም። እንደ አዲስ ሲያጠናው ከመጀመሪያው ጥናት ምን ያህል ጊዜ እንደተረፈለት ነው የቆጠረው። ከወር በኋላ አንዱንም በቃሉ መድገም ያቃተው ዝርዝር እንኳ ዳግም ሲጠና አንድ አምስተኛ ያህሉ ልፋት ይተርፍ ነበር። በኋላም በወጣትነቱ ያጠናቸውን የባይረንን የግጥም አንጓዎች ከ22 ዓመት በኋላ አነሳ። ከመካከላቸው አንዱን መስመር እንኳ አላስታወሰም፤ ሆኖም ሲያጠናቸው ፈጽሞ ካላያቸው ከዚያው ግጥም አንጓዎች ባነሰ ጊዜ ያዛቸው። የጠፋው መንገዱ እንጂ ነገሩ ሁሉ አልነበረም።

ሃሪ ባህሪክ ደግሞ የአንድን ሰው ሳይሆን የብዙ ሰዎችን ሃምሳ ዓመት መረመረ። በ1984 ባሳተመው ጥናት በትምህርት ቤት ስፓኒሽ የተማሩ 733 ሰዎችን ፈተነ፤ አንዳንዶቹ ገና ክፍል ውስጥ ያሉ፣ አንዳንዶቹ ከተማሩ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያለፋቸው ነበሩ። እውቀቱ በመጀመሪያዎቹ ከሦስት እስከ ስድስት ዓመታት በፍጥነት ይወርዳል። ከዚያ ግን ይቆማል፤ የቀረው ለሃያ አምስት ዓመትና ከዚያም በላይ ሳይነካ ይኖራል። ጎልማሳ ተማሪን ሊያጽናና የሚገባው አኃዝ ይህ ይመስለኛል። አሥር ዓመት ያልነካኸው ትምህርት ሃያ ዓመት ካልነካኸው ያን ያህል አይሻልም፤ የሚጠፋው ቀደም ብሎ ጠፍቷል፤ የቀረው እንዳለ አለ።

ታዲያ ከአንዱ ብዙ፣ ከሌላው ጥቂት የሚቀረው ለምንድን ነው? ባህሪክና ባልደረባው ሊንዳ ሆል በ1991 ስለ አልጀብራ ባሳተሙት ጥናት መልሱ ግልጽ ሆነ። ከአልጀብራ በኋላ ካልኩለስና ከዚያ በላይ የወሰዱ ሰዎች ሃምሳ ዓመት ቆይተውም አልጀብራቸው እጃቸው ላይ ነበር። አልጀብራን ጥሩ ውጤት አምጥተው እዚያው ያቆሙት ግን ከዓመታት በኋላ በግምት ከሚመልስ ሰው ብዙም አልተሻሉም። ኤ ማግኘት ብቻውን አያቆይም። የሚያቆየው ያው ነገር በተከታታይ ኮርሶች፣ በተለያየ መልክ፣ በዓመታት ውስጥ ተመልሶ መምጣቱ ነው።

ከዚህ የሚወጣው ምክር አጭር ነው። ከምዝገባው በፊት ባሉት ሳምንታት የፍሬሽማኑን የሒሳብ ደብተር ከሳጥን ማውጣት ብልህነት ነው፤ ደብተሩ አይጥ በልቶት ከሆነ ከአሥራ አንደኛ ክፍል ልጅ መጽሐፍ መዋስ ነው። የመጀመሪያው ማታ ባዕድ ይመስላል። በሦስተኛውና በአራተኛው ማታ የሚሰማው ነገር ግን የመማር ስሜት ሳይሆን የድሮ ጎረቤት መንገድ ላይ የማግኘት ያህል ነው።

እርሾው ሲኮመጥጥ

እስካሁን ያልነው ሁሉ የጎልማሳውን ተማሪ ትከሻ የሚያሰፋ ነው። ስለ ጎልማሶች ትምህርት የሚጻፉ ብዙ ጽሑፎችም እዚህ ላይ ያቆማሉ። «ልምድህ ሀብትህ ነው» ብለው ያሰናብቱታል። እንጀራ የሚጋግር ሰው ግን እርሾ ሲበዛና ሲያረጅ ምን እንደሚያደርግ ያውቃል።

አንዲት የሒሳብ ባለሙያ እናስብ። በሒሳብ አያያዝ ተመርቃ አሥራ አምስት ዓመት የሰዎችን መዝገብ ስታመሳክር ኖራለች፤ አሁን በኢኮኖሚክስ ሁለተኛ ዲግሪ ይዛለች። መምህሩ የሰጡት ጥያቄ ይህ ነው። አንድ ሰው በገዛ ቤቱ ምድር ቤት ሱቅ ከፍቶ ራሱ ይሸጣል። የወር ሽያጩ 300,000 ብር ነው፤ ለዕቃ፣ ለመብራትና ለግብር የሚያወጣው 240,000 ብር። ያንን ክፍል ለሌላ ቢያከራየው 45,000 ብር ያገኝበት ነበር፤ እሱም ሌላ ቦታ ቢቀጠር ደመወዙ 25,000 ብር ይሆን ነበር። ሰውዬው ምን ያህል አተረፈ?

እሷ ጥያቄውን አንብባ ሳትጨርስ 60,000 ጻፈች። አጠገቧ ያለው ልጅ እያመነታ፣ እየደመሰሰ፣ መጨረሻ ላይ 10,000 ብር ኪሳራ ብሎ ጻፈ።

«እትዬ፣ ኪራዩስ? ደመወዙስ?» አላት።

«አንተ ልጅ፣ ያልተከፈለ ገንዘብ እንዴት ወጪ ይሆናል? ደረሰኙ የታለ?»

በሒሳብ ሥራ ሕግ እሷ ትክክል ናት፤ ኦዲተርም ገቢዎችም የሚቀበሉት የእሷን ነው። በኢኮኖሚክስ ግን ትክክለኛው መልስ የልጁ ነው። እዚያ ወጪ የሚባለው ከእጅ የወጣው ብቻ አይደለም፤ ይህን በመምረጥ የቀረብን ጥቅምም ይቆጠራል። የቤቱ ኪራይና የሰውየው ደመወዝ ሲቀነሱ 60,000 ትርፉ ወደ 10,000 ኪሳራ ይገለበጣል። ሴትዮዋ ጥያቄው አልከበዳትም፤ ቀለላት እንጂ። የአሥራ አምስት ዓመት ልምድ መልሱን ሳይጠራ አቀበላት። ልጁን ያዳነው ልምድ የሌለው መሆኑ ነው፤ ስለዚህ ትናንት የተማረውን ብቻ ተጠቀመ።

የዘርፉ ሰዎች ይህን ነባር እውቀት በአዲሱ ላይ የሚያደርሰው ጣልቃ ገብነት ይሉታል። ልብ ማለት የሚገባው የሚመጣበትን ቦታ ነው። አዲሱ ነገር ከነባሩ ፈጽሞ የተለየ ሲሆን ችግሩ የለም፤ ሒሳብ ሠራተኛዋ የአበባ ተከላ ብትማር ምንም አይጋጭባትም። ሙሉ በሙሉ አንድ ሲሆንም የለም። አደጋው ያለው ሁለቱ በጣም ተመሳስለው አንድ ቦታ ላይ ብቻ ሲለያዩ ነው። ሁለተኛ ዲግሪ ደግሞ በአብዛኛው የሚወሰደው ከሥራ ጋር በተዛመደ ሙያ ስለሆነ ተማሪው ከሴሚስተር እስከ ሴሚስተር የሚራመደው በዚህ አደገኛ ሰፈር ነው። ነርሷ የሕዝብ ጤና ስትማር አንድን በሽተኛ ማየት ለምዳ ሕዝብን በሙሉ እንድታይ ትጠየቃለች። መምህሩ የትምህርት አስተዳደር ሲማር ክፍሉን ለምዶ ወረዳውን እንዲያይ ይጠየቃል። ሁለቱም የሚሳሳቱት በሚያውቁት ነገር ነው።

ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሰጡት የለንደን ታክሲ ነጂዎች ናቸው። የዚያች ከተማ ጥቁር ታክሲ ለመንዳት የሚፈልግ ሰው ከቻሪንግ ክሮስ ዙሪያ አሥር ኪሎ ሜትር ያህል ውስጥ ያሉ ወደ 25,000 የሚጠጉ መንገዶችን በቃሉ ማወቅ አለበት፤ ጥናቱ ሦስትና አራት ዓመት ይፈጃል። ፈተናውን የሚያጠኑት ትምህርት ቤት ከለቀቁ የቆዩ ጎልማሶች ናቸው። ኤሊኖር መጓየርና ባልደረቦቿ በ2000 የነጂዎቹን አእምሮ በኤምአርአይ አንስተው ሂፖካምፐስ የሚባለው፣ ቦታን ለማስታወስ የሚያገለግለው ክፍል በስተኋላው በኩል ከሌላ ሰው ሰፍቶ አገኙት። «ምናልባት ሲፈጠሩም እንዲያ ከሆኑስ?» ለሚለው በ2011 መልስ መጣ። ካትሪን ውሌትና መጓየር 79 ተለማማጆችን ከጅምሩ ተከታተሉ፤ 39ኙ አለፉ። ለውጡ የታየው ካለፉት ላይ ብቻ ነበር። የጎልማሳ አእምሮ በትምህርት ሥጋው ጭምር ይለወጣል ማለት ነው። ይህ ግኝት ብዙ ተወርቶለታል።

ብዙ ያልተወራለት በ2010 ሁለቱ ያሳተሙት ሌላ ጥናት ነው፤ ለእኛ ግን እሱ ይበልጥብናል። ነጂዎቹ የማያውቋትን ከተማ መንገዶች እንዲማሩ ተደረገ፤ ታክሲ ካልነዱ ሰዎች በልጠው ተማሩ። ቀጥሎ የማያውቁት አዲስ ሰፈር ቀረበላቸው፤ ይህ ግን ከሚያውቋት ለንደን ጋር ተገጣጥሞ መጠናት ነበረበት። ያቺን ባዕድ ከተማ እንዳጠኑት አልሆነላቸውም፤ ውጤታቸው በግልጽ ወረደ። በባዶ መሬት ላይ ጎበዝ የነበሩት ሰዎች አዲሱን በገዛ እውቀታቸው መካከል አስገቡ ሲባሉ ተደናቀፉ። አሥራ አምስት ዓመት በመዝገብ ላይ የኖረችው ሴትም የገጠማት ይኸው ነው።

ውሃውን መድፋት

ቡኮ ላይ ያሰፈፈው ውሃ ሲኮመጥጥ ሁሉንም አይደፉትም፤ ከላይ ከላዩን ቀድተው ለሚቀጥለው የሚበቃውን ያስቀራሉ። ለተማሪውም ልምዱን እርሳው ማለት አይቻልም፤ የሚቻል ቢሆን እንኳ ኪሳራ ነው። የሚቻለው ከመማሩ በፊት ማውጣትና ማየት ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ነገ የሚሰጠው ርዕስ ለምሳሌ «የሠራተኛ ማትጊያ» ከሆነ፣ ሀንድአውቱ ከመከፈቱ በፊት ግማሽ ገጽ በራስ አማርኛ መጻፍ ነው። ሰው ጠንክሮ የሚሠራው ምን ሲያገኝ ነው ብዬ አምናለሁ? ይህን ያየሁት የት ነው? ከዚያ ሀንድአውቱ ይነበብና ከጻፉት ጋር የማይስማማው ቦታ ይከበባል። ያ ክብ ውስጥ ያለው ነገር የዚያ ሳምንት እውነተኛ ትምህርት ነው፤ ከክቡ ውጭ ያለው በአብዛኛው ድሮም የሚታወቅ ነው። ወጣቱ ተማሪ ይህን ማድረግ አያስፈልገውም፤ የሚያወጣው ገና ብዙ የለውም። ለጎልማሳው ግን ሰዓት ያተርፍለታል። ሥራ ውሎ፣ ልጅ አስጠንቶ፣ ለቅሶ ደርሶ ለሚያጠና ሰው ደግሞ ሰዓት ከሁሉ ይበልጣል።

ሁለተኛው ነገር ደጋግሞ ማንበብን መተው ነው። ሀንድአውቱን በሃይላይተር ቢጫ አድርጎ አራት ጊዜ የሚያነብ ጎልማሳ ብዙ ነው፤ ዝጌያለሁ ብሎ ስለሚፈራ በድግግሞሽ ሊያካክሰው ይሞክራል። ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒኪ በ2006 አንዱን ቡድን አንድ ጽሑፍ በአራት ዙር እንዲያነብ አደረጉ፤ ሌላው በአንድ ዙር ብቻ አንብቦ በቀሩት ሦስቱ ወረቀቱን ዘግቶ ያስታወሰውን ጻፈ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ አንባቢዎቹ በለጡ፤ 83 ከመቶ ለ71። ከሳምንት በኋላ ግን ተገለበጠ፤ አንባቢዎቹ 40፣ ዘግተው የጻፉት 61 ከመቶ አስታወሱ። የሚያስቀው፣ በርግጠኝነት እናስታውሳለን ብለው የነበሩት ደጋግመው ያነበቡት መሆናቸው ነው። ከሜክሲኮ አያት በሚደረገው የታክሲ ጉዞ ሀንድአውቱን ቦርሳ ውስጥ ትቶ «ትናንት ማታ ምን ተባለ?» ብሎ ራስን መጠየቅ፣ መብራት አጥቶ በስልክ ብርሃን አምስተኛ ጊዜ ከማንበብ ይሻላል።

የመመረቂያው ጽሑፍ

ሁሉም ነገር አንድ ላይ የሚመጣው ሁለተኛው ዓመት ላይ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ሲመረጥ ነው። በማታው ክፍል አብዛኛው ሰው የሚመርጠው የገዛ መሥሪያ ቤቱን ነው፤ የሠራተኛ ፍልሰት በእገሌ ባንክ፣ የአገልግሎት አሰጣጥ በእገሌ ክፍለ ከተማ። ምርጫው አስተዋይነት አለበት። መዝገቡ ይገኛል፤ ኃላፊው ደብዳቤውን ይፈርማል፤ መጠይቁን የሚሞላው ባልደረባ «ለእሱ ከሆነማ» ብሎ ጊዜ ይሰጣል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ተመራማሪው ከውጭ የመጣ ሰው ዓመት ቢቆይ የማይደርስበትን ያውቃል፤ ሠራተኛ የሚለቅበትን ወር፣ በስብሰባ ላይ የማይነገረውን፣ ቅጹ ላይ የተጻፈው ምክንያትና ሻይ ቤት የሚወራው ምክንያት የሚለያዩበትን ቦታ።

ግን መልሱንም ያውቀዋል፤ ወይም የሚያውቀው ይመስለዋል። ሠራተኛ የሚለቀው በደመወዝ ማነስ ነው ብሎ አሥር ዓመት ያመነ ሰው መጠይቁን ሲያዘጋጅ ከሃያው ጥያቄ አሥራ አራቱን ስለ ደመወዝ ያደርገዋል። ስለ አለቃ አያያዝ አንድ፣ ስለ መጓጓዣ አንድ ያክልበታል። የተሰበሰበው መረጃ ወደ ኮምፒውተር ይገባል፤ ሠንጠረዡ ይወጣል፤ ምክንያቱ ደመወዝ ሆኖ ይገኛል። ተማሪው ይህን ያደረገው ለማጭበርበር አይደለም። ሒሳብ ሠራተኛዋ 60,000 ብላ ስትጽፍ እንዳላወቀችው ሁሉ እሱም አላወቀውም።

ልምድ ያላቸው አማካሪ መምህራን ይህን ስለሚያውቁ ፕሮፖዛሉ ገና ሲቀርብ አንድ ነገር ይጠይቃሉ፦ ይህ ጥናት ምን ቢያገኝ አንተ ተሳስተህ ነበር ማለት ነው? መልስ ያለው ተማሪ መጠይቁን ይቀጥላል። መልስ ያጣው ግን ወደ ቤቱ ተመልሶ፣ ከመሥሪያ ቤቱ ይዞት የመጣውን ግማሽ ገጽ ላይ ጽፎ፣ የአለቃውንና የመጓጓዣውን ጥያቄዎች ማብዛት ይጀምራል።